አቮካዶዬን ያበሰበሰው ረዳቱ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ከመራዊ ደብረ ማርቆስ ካመጣኋቸው 30 አቮካዶዎች 27ቱን በላናቸው። የመጀመሪያውን ጭነቴን ያየ ሰው ቢኖር አብሮኝ እልል ይል ነበር። ያኔ 40 በማዳበሪያ አስጭኜ ለሰው የሚሰጥ ሆኖ የተገኘው 15 ብቻ ነበር። የቀረውን ጎረቤቴ ለበጎቿ ወሰደችው፤ በጎቹም መርጠው ነው የበሉት።

ነገሩ የጀመረው በሙዝ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ምሳዬን በቦርሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ሙዙ የተማሪዎች ደብተር ላይ ፈንድቶ የአንዱን ልጅ የቤት ሥራ አጣበቀው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ሳቀችና ሙዝ የሚመስል ቢጫ የፕላስቲክ ሳጥን አመጣችልኝ። ጥሩ ነገር ነው፤ ችግሩ ሳጥኑ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ጉብጠት ብቻ መሆኑ ነው። ገበያችን ላይ የማገኘው የአርባ ምንጭ ሙዝ ወይ ይረዝምበታል ወይ ቀጥ ይልበታል፤ ትንንሹ ሙዝ ደግሞ ውስጡ እየተንኳኳ ይሄዳል። አሁን እስክሪብቶ አስቀምጥበታለሁ። አብራው ያመጣችው የግማሽ አቮካዶ ማስቀመጫም አለ። ግማሽ አቮካዶ ተርፎ የሚያድርበት ቤት የት እንዳለ ግን አልነገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው የፍሬ ልጣጭ ማየት የያዘኝ። ትርንጎን ቆርጣችሁ አይታችኋል? ከቢጫው ቆዳ ሥር ያለው ነጭ ነገር እንደ ፍራሽ ወፍራም ነው፤ ከዛፍ ቢወድቅ የሚበላው ክፍል ምንም አይሆንም። ብርቱካንም ያው ነው፣ ፍራሹ ሳሳ ይላል እንጂ። የሽምብራ እሸት ለአንድ ወይም ለሁለት ፍሬ የራሱ ቤት አለው። ጊሽጣ ግን ያናድደኛል፤ ሲበስል በነካኩት ቁጥር ይፈረካከሳል፣ ከጓሮ እስከ ማዕድ ቤት እንኳ አያደርስም። እሱን ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ መብላት ነው።

ወደ አቮካዶው ልመለስ። ቤተሰቦቼ መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ መስኖ ላይ ናቸው። ቆጋ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የእኛ ድርሻ 14 የአቮካዶ ዛፍ ናት። አብዛኞቹ ሀስ የሚባለው ዝርያ ናቸው፤ ቆዳው ሻካራና ወፍራም፣ ሲበስል የሚጠቁር። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም፤ ለስልሶ የሚበላው ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ድንጋይ እንደሆነ ነው የሚጫነው። ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በቅጥቅጥ ፖርቶመጋላ ላይ ይመጣል። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ባለበት ያድራል።

በመጀመሪያው ጭነት ረዳቱን ወቀስኩት። «ወረወርከው!» አልኩት መናኸሪያ መሀል፣ ሰው እየሰማ። «እትዬ፣ ድንጋይ መስሎኝ ነው እንጂ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ለሁለተኛው ጭነት መላ ፈለግሁ። ከውጭ የሚመጣው ፖም የሚለብሰውን ነጭ የስፖንጅ መረብ ታውቁታላችሁ፤ ፍራፍሬ ሻጮች ይጥሉታል። እየለመንኩ ሰበሰብኩ። እኔ ካልሲ ነው የምለው። እያንዳንዱን አቮካዶ ካልሲ አልብሼ በካርቶን አስጫንኩ። ደብረ ማርቆስ ሲደርስ አንድም የተጫጫረ አልነበረም፣ ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አነሳሁ። በስምንተኛው ቀን ሲለሰልሱ ግማሾቹ በሰበሱ።

በንዴት ሁሉንም ለሁለት ሰነጠቅኋቸው። የተመታ ፍሬ ጥቁረቱ ከጎኑ፣ ከተመታበት ቦታ ነው የሚጀምረው። የእኔዎቹ የበሰበሱት ግን ሁሉም ከአናታቸው፣ ከዛፉ ጋር ከተያያዙበት ቦታ ጀምሮ ነው ወደ ታች የጠቆሩት፤ ሥጋው ውስጥ ያሉት ክሮች ሳይቀሩ ቡናማ ሆነዋል። እናቴ ያንን ቦታ እትብት ትለዋለች። የግብርና ባለሙያ ለሆነች ጓደኛዬ ፎቶውን ላክሁላት፤ መልሷ አጭር ነበር፦ «ማን ነው የሚያወርድላችሁ?»

የሚያወርደው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አያ ነው የምንለው። የሚያወርድበትን መሣሪያ ራሱ ነው የሠራው፤ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጦ፣ ጠርዙን እንደ ጥርስ ሰንጥቆ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮታል። ፍሬው ጥርሱ መሀል ይገባል፣ ሳብ ሲደረግ ተነቅሎ ሃይላንዱ ውስጥ ይወድቃል። መሬት አይነካም፣ አይጫጫርም። ሰፈሩ ሁሉ ቀድቶታል፤ እኔም ለስንቱ ሳወድስለት ኖሬያለሁ። ችግሩ «ተነቅሎ» የሚለው ላይ ነበር። እትብቱ ተነቅሎ ሲወጣ አናቱ ላይ ክፍት ቁስል ይቀራል፤ ሻጋታው በዚያ ይገባና ፍሬው ጥሬ እስከሆነ ድረስ ተደብቆ ይቆያል፤ ሲለሰልስ ይነሳል። ያን ሁሉ ካልሲ ያለበስኩት በሩ ወለል ብሎ ለተከፈተ ቤት ነው።

አያን ማሳመን ከአቮካዶው የባሰ ከበደኝ። «በመቀስ ቁረጠው» ብለው «ፀጉር ነው እንዴ?» አለኝ። በመጨረሻ መቀስ እንጨት ላይ አስሮ፣ አንዱን እጀታ በሲባጎ የሚስብ ነገር ሠራ። ያኔ ደግሞ እትብቱን የጣት ያህል አስረዝሞ ላከልኝ፤ እርስ በርስ ተወጋግተው ደረሱ። እንደገና ተጨቃጨቅን።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ። ቤታችን ሰም አይጠፋም፣ እናቴ ጧፍ ትሠራለች። 24 ፍሬ ለየሁ፤ 8 የተነቀለ፣ 8 እትብቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶለት የተቆረጠ፣ 8 ተቆርጦ ጫፉ ላይ የቀለጠ ሰም የተቀባ። ከተነቀሉት 5 በሰበሱ፤ ከተቆረጡት 1፤ ሰም ከተቀቡት 2። ከሰሙ በፊት የነበረው መቀስ ነው ሥራውን የሠራው ማለት ነው። ሰሙን ትቼዋለሁ። ይህ ስምንት ስምንት ፍሬ ላይ የተደረገ የአንድ መምህርት ሙከራ ነው፤ ከዚያ በላይ አታክብዱት።

ሌላ ሦስት ፍሬ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰም ውስጥ ነከርኩ። ልጣጩ ጥሩ ከሆነ፣ በላዩ ሌላ ልጣጭ ቢጨመርበት የበለጠ ይሆናል ብዬ ነበር። ፍሬ ከተቀጠፈም በኋላ ይተነፍሳል፤ አየር ስከለክለው እንደ ጠላ መፍላት ጀመረ። ስከፍተው የጠላ ጋን ሸተተኝ። የቅኔ አገር ልጅ ሆኜ ሰሙን ስንከባከብ ወርቁን አበላሸሁት።

ከዚያ ወዲህ ፌስታል ጠላቴ ነው። ፍራፍሬን በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ በላብ ማጠብ ነው፤ የተነፈሰው እርጥበት ተመልሶ ልጣጩ ላይ ይንጠባጠባል። የሚሸጡት መረቦችና ሳጥኖችም ቢሆኑ አየር የሚያሳልፉትን ብቻ ነው የምቀበለው። አሁን የምጠቀመው የእናቴን ቅርጫት ነው፤ ከታች የጤፍ ጭድ፣ ፍሬው እትብቱን ወደ ታች፣ በየድርድሩ ጭድ። ካልሲው ላይኛው ድርድር ላይ ብቻ ነው። ጭዱ የጤፍ ይሁን፤ የገብስ ጭድ ይወጋል። ደረቅ መሆኑን በእጃችሁ ጨብጡና እዩ። እኔ አንድ ጊዜ ካፊያ የነካው ጭድ ተጠቅሜ አንድ ቅርጫት ሙሉ አጥቻለሁ፤ ያንን ጭነት ከላይ ካለው ቁጥር ውስጥ አልቆጠርኩትም። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ጤዛ ሳይደርቅ ማውረድም ያው መዘዝ አለው።

ለማብሰል ግን ብዙ ምክር የለኝም። ደብረ ማርቆስ ይበርዳል፣ አቮካዶ ይዘገያል፤ ከበሰለ ሙዝ ጋር ጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ሙዙ የሚያወጣው ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያፋጥነዋል። እናቴ ጤፍ ውስጥ ትቀብራለች። የሷ ከእኔ አንድ ቀን ይቀድማል፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ጤፍ ነዋ!» ትላለች።

ረዳቱን ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ አገኘሁት፤ ሁለት የበሰሉ አቮካዶ ሰጠሁት። ይቅርታ አልኩት ማለት ይከብደኛል፤ አቮካዶውን ግን ወስዷል።

አሁን የተቸገርኩት በማንጎ ነው። በመቀሱ ኮርቼ ከፍኖተ ሰላም ስድስት ማንጎ እትብታቸውን አሳጥሬ አስቆረጥኩ። ከቆረጡበት ቦታ የሚወጣው ወተት ልጣጩ ላይ ወርዶ እንደ ተቃጠለ ጥቁር መስመር መስመር ሠራበት። ረዘም አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያ አሳጥሮ ወተቱ እስኪያልቅ አናቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ማቆየት ነው የሚሉኝ። በምን ላይ ዘቅዝቄ? ሰፌድ ላይ ሞከርኩ፣ ወተቱ ሰፌዱን አጣበቀው፣ እናቴም እስካሁን አላናገረችኝም። የቆላ ማንጎ የምታወርዱ ካላችሁ እናንተ በምን እንደምትደረድሩት ንገሩኝ።