ስቴሙን የመረጠው መጋዘኑ ነበር

ስፔሻሊስት ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው እናት ደጃፋቸው ላይ ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገቱ ላይ ተሰብሮ መጡ። ዳሌው መቀየር አለበት። ጠዋት ልንገባ ስንል ስቴሙን፣ ማለትም ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባውን የሰው ሠራሽ ዳሌ ዘንግ፣ ከአጥንቱ ጋር የሚያይዘው የአጥንት ሲሚንቶ አልቋል ተባለ፤ መጋዘን ያለው ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ስቴም ብቻ ነው። ልጆቻቸው ደም ሰጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ደክሟቸዋል። ከዚህ በላይ አላቆያቸውም ብዬ ገባሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ሲሚንቶ ያኔ ያረጀ ነገር ይመስለኝ ነበር። የዳሌ ቅየራ ሐኪሙ ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ አገር የተጠቀመበት፣ የአያቶቻችን ሥራ! ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ግን መጀመሪያ የሚቆመው በጥብቀቱ ነው፤ አጥንቱ ሸካራው ገጽ ላይ የሚያድገው ቆይቶ ነው። እንዲጠብቅ ደግሞ መዶሻ ይፈልጋል። የወጣት አጥንት የውስጥ ቦዩ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ስለሚጠብ ይችለዋል። የእማማ ራጅ ላይ ቦዩ ከላይ እስከ ታች እንደ ቧንቧ እኩል ሰፊ ነው፣ ግድግዳውም ስስ፤ እኛ የአጥንት ሐኪሞች «ዶር ሲ» የምንለው የአጥንት ዓይነት። አይቼዋለሁ። አላሰብኩበትም እንጂ።

ስመታ ስመታ ሲስተር «ዶክተር፣ ድምፁ ተቀየረ» አለችኝ። አንድ ጊዜ ደገምኩ። ስቴሙ ስልት ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ ክው አልኩ። አውጥቼ ሳየው አጥንቱ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቋል። ሁለት ቦታ በሽቦ አስሬ መልሼ አስገባሁት። ጥሩ ያዘ፤ ግን በማግስቱ ቆመው መራመድ የነበረባቸው ሴትዮ ስድስት ሳምንት እግራቸውን ሙሉ በሙሉ እንዳይጫኑ አዘዝኩ። በዚያ ዕድሜ ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም።

በጠዋቱ ስብሰባ ሲኒየራችን ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ «ስቴሙን ማን መረጠው? አንተ ነህ ወይስ መጋዘኑ?» አለኝ። መልስ የለኝም።

አሁን ፊልሙን የማየው ከዋዜማው ነው፤ መጋዘን የምደውለውም ያኔውኑ። ለእንዲህ ዓይነት አጥንት ሲሚንቶ ከሌለ ቀኑ ይቀየራል፣ ቤተሰብም ይቆጣኝ። ሲሚንቶም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሲገባ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል ለአንስቴዢያው ቀድሜ እናገራለሁ። ለወጣቶቹ ያለ ሲሚንቶውን ዛሬም እወደዋለሁ።

እማማ በስድስተኛው ወር ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ራጁ ላይ ሽቦውን አይተው «ይኼን መቼ ነው የምታወጣልኝ ልጄ?» አሉኝ።

«እዚያው ይኖራል እማማ» አልኳቸው።