አንድ ዳዶ ፈትቼ ቤት ላቃጥል ነበር

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ባለቤቴ «ይሄ መኪና ይሸታል» ስትለኝ «ትናንት ስሞላ ትንሽ ፈሶ ነው» አልኳት። በሳምንቱ ደግማ ነገረችኝ። እኔም ያንኑ መልስ ደገምኩላት። ከመኪናው ሥር ተንበርክኬ ማየት ፈርቼ ነበር፤ ካየሁ መሥራት ሊኖርብኝ ነዋ።

መኪናው 20 ዓመት አልፎታል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ዓመታዊ ምርመራውን አልፏል። ይሄ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። መርማሪው ከሥር ገብቶ በባትሪ አየት አየት አደረገና ፈረመ። ሞተሩ ግን ጠፍቶ ነበር! ኢንጀክሽን በሆኑት፣ ማለትም ቤንዚኑን በግፊት ወደ ሞተሩ በሚረጩት መኪኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚኑን ከ2.5 እስከ 4 ባር በሚደርስ ግፊት ይገፋዋል። ሲጠፋ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ቀዳዳውም ዝም ይላል። ሞተር ጠፍቶ የነዳጅ መስመር መመርመር ውሃ በጠፋበት ቀን ቧንቧው አያፈስም እንደማለት ነው። (በድሮዎቹ የካርቡራተር መኪኖች ነገሩ ይለያል። ፓምፑ ሞተሩ ላይ ሆኖ ከታንኩ ስለሚስብ፣ መስመሩ ሲበሳ አየር ይገባና ሞተሩ ይንተፋተፋል። ቢያንስ እሱ ይነግርሃል።)

በመጨረሻ ወንድሜ ሞተሩን አስነስቶ ያዘልኝና ከጎን ሆኜ አየሁት። የሚያፈሰው ከኋላ ጎማው ፊት፣ የቤንዚኑን መስመር ከሻንሲው ጋር የሚይዘው መያዣ ሥር ነው። ሌላው ቦታ ላይ የቱቦው ቀለም እንኳ አልተነካም። መያዣው ሥር ግን ጭቃ ገብቶ ለዓመታት ሲርስና ሲደርቅ ኖሯል። ሞተሩን አጥፍተን መያዣውን ፈልቀቅ ሳደርገው ዝገቱ እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ ተላጠ። የእንዲህ ዓይነቱ ቱቦ ግድግዳ አዲስ ሆኖም ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል። ቀዳዳው መርፌ የወጋው ያህል ነበር፤ ሞተሩ ሲሠራ ግን ከእሱ የሚወጣው ጠብታ ሳይሆን ጉም ነው።

አዲስ ቱቦ ገዛሁ። መኪናውን በክሪክ አንስቼ መቆሚያ ላይ አሳረፍኩት። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

የመኪናው መመሪያ ላይ አንድ መስመር አለች፤ የፓምፑን ፊውዝ አውጥተህ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠራው ትላለች። ግፊቱን ለማውጣት ነው። መኪናው ሌሊቱን ስለቆመ ምን ግፊት አለው ብዬ ዘለልኳት። ታንኩ ሊሞላ ሩብ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱንም ምንም አላልኩም። ከሁሉ የባሰው መብራቱ ነው። ባለ ገመድ የእጅ መብራት፣ ክር ያለው የድሮ አምፖል የተሰካበት፣ ከጆሮዬ አጠገብ አስቀምጬ ነበር።

ቱቦውን ከቤንዚን ማጣሪያው ጋር የሚያያይዘው ዳዶ ዝጎ ተጣብቋል። እንዲህ ያለ ዳዶ በሁለት ቁልፍ ነው የሚፈታው፤ አንዱ ማጣሪያውን ይይዛል፣ አንዱ ዳዶውን ያዞራል። እኔ በአንዱ ታገልኩት። ዳዶው ሲዞር ቱቦውም አብሮት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠመዘዘና ተቀደደ። መጀመሪያ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቀጥሎ መጉረፍ ጀመረ።

ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ስለነበር ቤንዚኑ በእጄ ቁልቁል ወርዶ፣ ክርኔን አልፎ ብብቴ ገባ። መጀመሪያ ይበርዳል። ከዚያ ይለበልባል። ግፊቱስ ወዲያው አለቀ፤ ፍሰቱ ግን አላቆመም። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከቱቦው አፍ ከፍ ብሎ ስለነበር አንዴ ከጀመረ በራሱ ይወርዳል። የምደፍንበት ነገር አላዘጋጀሁም። አውራ ጣቴን ወተፍኩበት። ከዚያ በኋላ የትም መሄድ አልችልም። መብራቱ ደግሞ እዚያው ጆሮዬ ሥር ይበራል።

ወንድሜ ጩኸቴን ሰምቶ መጣና እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ።

«እንዳትነካው!»

«ላጥፋው እንጂ!»

«ከቆጣሪው! ውጭ ካለው ቆጣሪ አጥፋው!»

«ምን ልዩነት አለው?»

ያን ሰዓት ማስረዳት አልቻልኩም። ልዩነቱ ይሄ ነው። ሶኬት ሲነቀል ብልጭታ ሊሰጥ ይችላል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይተኛል፤ የማራዘሚያው ሶኬትም ወለሉ ላይ ነበር። አየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ትነት ካለ ለመቀጣጠል በቂ ነው። አምፖሉም ቢሆን የጋለ መስታወት ነው፤ ቤንዚን ጠብ ካለበት ሊፈነዳና የጋለው ክር ሊጋለጥ ይችላል።

ጠፋ። ጨለመ። ከክርኔ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ብቻ እሰማለሁ። ወንድሜ የእጅ ባትሪውን ውጭ አብርቶ ይዞ ገባ፣ አጭር የጎማ ቱቦ ላይ ብሎን ወሽቆ አቀበለኝና ደፈንነው። የፈሰሰው ላይ ደረቅ አሸዋ በተንበት፤ በሮቹን ከፍተን ውጭ ቁጭ አልን። ለረጅም ጊዜ ማናችንም አላወራንም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምለው የእኔ አቋም ነው። መመሪያው «መስመሩን በዓይን ይመልከቱ» ይላል። ዓይን አይበቃም። ታንኩ ሊያልቅ ሲል፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከቤት ውጭ፣ እያንዳንዱን መያዣ ፈልቅቀህ ሥሩን በጥፍርህ ጫር አድርገው። መካኒኮች «አትነካካው፣ ይበሳብሃል» ይሉሃል። በጥፍር የሚበሳ ከሆነ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲሠራ ከሚበሳብኝ እዚያው ይበሳ።

አንድ መካኒክ ደግሞ «የዛገውን ቆርጠህ ጎማ ሰክተህ በፋሼታ እሰረው» ብሎኝ ነበር። ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። ጎማው ላይ 30አር7 የሚል ከታተመበት ለካርቡራተር ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው፤ ለኢንጀክሽን 30አር9 የሚለውን ነው የምትፈልገው። እሱም ቢሆን ለአጭር መገጣጠሚያ እንጂ ለሙሉ መስመር አይሆንም። ንጹህ መዳብም ይቅርብህ፤ በንዝረት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። እኔ የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ቱቦ ነው የገጠምኩት። እንደ ብረት አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። መላሹንም መስመር፣ ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመልሰውን፣ አብሬ ቀየርኩት። በዚያው መያዣ ውስጥ የሚያልፈው የፍሬን ቱቦ ደግሞ ያው ቦታ ላይ ተበልቶ አገኘሁት! እሱን ማንም አልነገረኝም፤ መርማሪውም አላየውም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ባትሪውን መልሼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ደጋግሜ ከፈትኩት፤ ፓምፑ ለአፍታ እየሠራ መስመሩን ይሞላዋል። መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ነካካኋቸው። አልረጠበም። ሞተሩን አስነስቼም ደገምኩት። ደረቅ ነው። በኩራት ባለቤቴን ጠራኋትና መኪናው ውስጥ ገብታ እንድታሸት ለመንኳት።

ገባች፣ አሸተተች፣ ወጣች።

«መኪናው አይሸትም» አለችኝ። «የምትሸተው አንተ ነህ።»