የጥያቄ ምልክት የሞላበት ሜኑ

«ዛሬም በአክሰስ ትሠራለህ?» ብለው የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ፤ አክሰስ የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) መሥሪያ ነው። ይሳቁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ የማይቆም ነገር ለሚፈልግ ትንሽ ሱቅ እኔ እስካሁን የተሻለ አላገኘሁም።

ሰሞኑን የአክስቴን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሜኑ ሳስተካክል ከረምኩ። ፎርሙ (ዕቃው የሚታይበት መስኮት) ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ የሚመጣው ዝርዝር ሶርት፣ ፊልተር፣ ምናምን ነው። አንድ ቀን ሳታውቀው ፊልተር ነክታ ግማሹ ዕቃ ከስክሪኑ ሲጠፋባት «ተዘረፍኩ!» ብላ ሰፈሩን አናወጠችው። እሷ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ሽያጭ መዝግብ፣ ደረሰኝ አትም፣ የቀረውን አሳይ። በቃ።

ይህን የሚሠራው ኮድ አያስቸግርም፤ የሚጻፈው በቪቢኤ፣ አክሰስ ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮማንድባርስ (የሜኑዎቹ ስብስብ) ላይ አዲስ ባር ትጨምራለህ፣ ፖዚሽኑን 5 ትለዋለህ፤ ራይት ክሊክ ሲደረግ ብቅ የሚል ሜኑ ማለት ነው። ከዚያ የፎርሙ ፕሮፐርቲ ውስጥ «ሾርትከት ሜኑ ባር» የሚለው ቦታ ላይ የባሩን ስም ትጽፋለህ። ኮዱ ሁለቴ ከሮጠ በዚያ ስም ባር አለ ብሎ ስለሚያኮርፍ መጀመሪያ የድሮውን አጥፋው።

እኔን ግማሽ ቀን የበላኝ አማርኛው ነው። «ሽያጭ መዝግብ» ብዬ ጻፍኩ፣ ወጣ የተባለው ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ። አክስቴ አይታ «አንተ ልጅ፣ ጭራሽ ይጠይቀኝ ጀመር?» አለችኝ። ጥፋቱ የፎንት መስሎኝ ስንት ፎንት ቀያየርኩ! ለካ የቪቢኤ መጻፊያው ነው ዩኒኮድ (አማርኛን ጨምሮ ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠውን ሥርዓት) የማይቀበለው፤ አክሰስ ራሱ ቴብል (መረጃ የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) ውስጥ አማርኛን ያለ ችግር ያስቀምጣል። ኮዱ ውስጥ እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ መጻፍም ይቻላል፣ «ሽ» ለምሳሌ 4669 ናት፤ ግን እንደዚያ ፊደል በፊደል ማን ይለቅማል? ሦስቱን ጽሑፎች ትንሽ ቴብል ውስጥ አስገባሁና ኮዱ በዲሉክአፕ (ከቴብል ፈልጎ በሚያመጣ ትእዛዝ) ከዚያ እንዲያነብ አደረግሁ። ወዲያው ተስተካከለ።

ከስክሪኑ በላይ ያለውን የቁልፎች መደዳ፣ ሪበኑን፣ መቀየር ለሚፈልግ ደግሞ (ከ2007 ወዲህ የድሮዎቹን ሜኑዎች የተካው እሱ ነው) ሪበኑ የሚጻፍበት ኤክስኤምኤል (በምልክት የሚደራጅ ጽሑፍ) ራሱ ቴብል ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህ ጣጣ የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ አንዲት ፊደል ብትስት ሪበኑ ዝም ብሎ ይቀራል፣ ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ ስህተት አሳየኝ ካላልከው በቀር ምክንያቱን አይነግርህም።

አክስቴ አሁን አራተኛ መስመር ጨምርልኝ እያለች ነው። «ሰርዝ» የሚል። እሱን ግን ብትለምነኝም አልጨምርላትም።