ለእናታችን የዲስክ ማጫወቻ ስንመርጥ

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የዋልነው ለእናታችን የዲስክ ማጫወቻ ስንመርጥ ነው። ከቤት ይዘን የወጣነው የእኅታችንን የሰርግ ዲቪዲ ነበር፤ ላዩ ላይ በጥቁር ማርከር «1999 ዓ.ም.፣ ክፍል 2» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ጀርባው ደግሞ ተጭሯል።

ባለሱቁ በቅድሚያ ያወጣልን ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ የተጫኑበትን የብሉሬይ ማጫወቻ ነው። ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ የብሉሬይ ዲስክ 25 ጊጋባይት ስለሚይዝ የምስሉ ጥራት እጅግ ይበልጣል፤ ማጫወቻው የእኛን ዲቪዲም ያነባል። እኔን ያሳሰበኝ መተግበሪያው ነው፤ ዲስክ አንባቢው ለብዙ ዓመታት ቢያገለግልም፣ አምራቹ ማደሱን ሲተው መተግበሪያው ይሞታል። ዩቲዩብ በ2015 እ.ኤ.አ. የቀድሞ አሠራሩን ሲዘጋ፣ በ2012 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ በርካታ ቴሌቪዥኖችና የብሉሬይ ማጫወቻዎች ቪዲዮውን ማሳየት አቁመዋል። በዚያ ላይ ይህኛው መውጫው ኤችዲኤምአይ (የአዳዲስ ቴሌቪዥኖች ገመድ) ብቻ ሲሆን፣ የእማዬ ቴሌቪዥን የሚቀበለው ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ነው።

«ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ዲስክ በዚያኛው ሞክርልን» ብዬ ለባለሱቁ ተራውን የዲቪዲ ማጫወቻ አሳየሁት። ጭረቱ ላይ ሲደርስ ጥቂት ቆመና ቀጠለ፤ ያንኑ ገዛነው። ኢንተርኔቱን ወደፊት በስልክ እናያለን።

ማምሻውን እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቱ ተቀመጠች። ሟች አያታችን ከድንኳኑ ደጃፍ እስክስታ ሲወርዱ ስታይ «መልሰው፣ መልሰው እስቲ» አለች፤ ሦስት ጊዜ መለስንላት።