ያልደነገጠችው ልጅ

በስፌት ፋብሪካ መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ቅጹ ላይ በፕላስተር ካልተለጠፈ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ሸሚዝ ውስጥ የቀረች ጫፍ የለባሹን ገላ ትወጋለች። እዚህ ሐዋሳ የምሠራበት ፋብሪካ የመጣው የውጭ ሀገር ሥራ አስኪያጅ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ በዚህስ አልከሰውም።

የዚያን ዕለት የአንዲት ሠራተኛ መርፌ ተሰበረ። ቁርጥራጩ ተገኝቶ፣ ተለጥፎ፣ እኔም ፈርሜበት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ "ሁሉም ተገኘ?" አላት። እሷም ቅንድቧን ሰቀል፣ አፏን ከፈት አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። እኛ ዘንድ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እሱ ግን አመድ መሰለ። መስመሩ ቆመ፤ የተሰፋው ሸሚዝ ሁሉ በብረት መፈተሻው አለፈ። ቅጹን ይዤ ከኋላው ከኋላው ብል ዞር ብሎ አላየኝም። ምንም አልተገኘም። ምን ሊገኝ!

"ደንግጣ ነበር፤ ፊቷን አይቻለሁ" አለኝ ቢሮው ስገባ።

"አልደነገጠችም። አዎ ነው ያለችህ።"

ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሥዕል አሳየኝ። ስድስት ፊት ነው፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መገረም። ፖል ኤክማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዶ፣ ፎሬ የሚባሉት ደገኞችም ስሜትን ከፊት ላይ እንደሚለዩ አሳይቷል፤ ስለዚህ ፊት በዓለም ሁሉ አንድ ነው አለኝ።

"አዎ የሚለው ፊት የትኛው ነው?" አልኩት። ፈለገ። የለም።

እኔም የማነበው አይጠፋም። በዚያው በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ትሮብሪያንድ በሚባሉት ደሴቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳለ ነገርኩት፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ የተከፈተ ፊት፣ ማለትም የእሱ ሥዕል ፍርሃት የሚለው፣ ለዚያ ሰዎች የቁጣና የማስፈራሪያ ፊት ነው። "ታዲያ ልጅቱ እያስፈራራችኝ ነበር?" ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። የቆመው ሰዓት በመስመሩ ሒሳብ ተጽፎ የወሩ ቦነስ ቀረ። "ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?" ስትለኝ የምመልስላት አልነበረኝም።

ተማሪ ግን ጎበዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅንድብ ሲሰቀል ባየ ቁጥር አዎ ነው ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን የማሸጊያ ክፍሉን ኃላፊ "ኮንቴይነሩ ዓርብ ይወጣል አይደል?" አለው። ሰውየው ግማሹን እንኳ አላሸገም፤ ዓርብ የሚባል ቀጠሮ መኖሩንም ገና መስማቱ ነው። ዓይኑ ፈጦ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደና ለገዢው ዓርብ ይወጣል ብሎ ጻፈ።

ነገሩ ሲፈነዳ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

"አዎ ነው አላልከኝም?"

"ያኛው ድንጋጤ ነው።"

"በምን ይለያል?"

በትንፋሹ እርዝመት፣ በዓይኑ አከፋፈት እያልኩ ሁለቱንም ፊት እያፈራረቅሁ ሠራሁለት። እሱም አብሮኝ ይሞክራል። ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው። ስለ ቦነሱ ሳነሳበት ግን ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። እኔ ስልክ ሲጮኽ አልሰማሁም።