ወንዙ ማዶ ላለው ወንድሜ

አባቴ ሽጉጣቸውን ለታናሽ ወንድሜ ለማስተላለፍ ያሰቡት ዘዴ አጭር ነበር። ቅዳሜ ለምሳ ሲመጣ፣ እናቴ ሽሮና በርበሬ በምትቋጥርለት ፌስታል ውስጥ ሸጉጠው ሊሸኙት። «የእኔ ንብረት ነው፤ እሱም የእኔ ልጅ ነው። ከገዛ ልጄ ጋር የምን ውል?» አሉኝ።

ሽጉጡ ስድስት ጥይት የሚጎርስ አሮጌ ሪቮልቨር ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት በሚሠሩበት ዘመን፣ የጎረቤት ሱቅ ሲዘረፍ ደንግጠው የገዙት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ ቀንም ሰው ላይ አላነሱትም። ሱቁን ሸጠው ጡረታ ከወጡ በኋላ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ የመኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ መሳቢያ መክፈት ተምረዋል። ስለዚህ ይውጣ በሚለው ሁላችንም ተስማማን፤ ያልተስማማነው በአወጣጡ ላይ ነው። ጎጃም ውስጥ የአያቴ ምንሽር ከግድግዳ ወርዶ ለበኩር ልጅ ሲሰጥ ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌ መረቀ፣ አለቀ።

የእኛ ችግር ፖቶማክ የሚባለው ወንዝ ነው። እኔና ወላጆቼ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ወንድሜ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቡናው ሳይፈላ ይደርሳል። ሕጉ ግን ድልድዩን የሚያየው እንደ ድንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ፣ የመሣሪያ ንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው በሌላ ግዛት ለሚኖር ፈቃድ ለሌለው ሰው ሽጉጥ በቀጥታ እንዳያስተላልፍ ይከለክላል፤ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። አባትና ልጅ መሆን ክልከላውን አያነሳውም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ከሌላ ግዛት በፖስታ ታዝዞ የመጣ ነበር።

ይህን ከማወቄ በፊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያማከርኩት አንድ ሰው «በቤተሰብ መካከል ስጦታ ምንም አይጠይቅም» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ የነገረኝ ግማሹን ነው። አባቴ ሽጉጡን ለእኔ ቢሰጡኝ፣ ሁለታችንም የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ስለሆንን፣ ነጋዴ ቤት መሄድ አያስፈልገንም። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በሥራ ያዋለችው ሕግ የተቀባዩ የኋላ ታሪክ እንዲጣራ ያስገደደው በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ሽያጭ ነበር፤ በነጻ የተሰጠ ስጦታን አልነካም። ግማሽ ምክር ከምክር ማጣት ይከፋል፤ በዚያ ሰው ቃል ተማምነን ፌስታሉን አስይዘነው ቢሆን ኖሮ አባቴ በሰባ ስድስት ዓመታቸው በፌዴራል ወንጀል ይጠየቁ ነበር።

ወንድሜ «በፖስታ ይላኩልኝ» አለ። ይህም አይሆንም፤ በፖስታም ቢሆን ሌላ ግዛት ላለ ተራ ሰው በቀጥታ መላክ ያው ክልክል ነው። ቀጥሎ ደግሞ ለእኔ ደወለና «የአባባ ይቅርና አንቺ እዚያው አዲስ ግዢልኝ፤ ገንዘቡን እልክልሻለሁ» አለኝ። ልክ ይህንኑ ያደረገ ሰው አለ። አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ የቨርጂኒያ ፖሊስ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ፔንሲልቬኒያ ለሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ገዛለት። አጎቱ አስቀድሞ 400 ዶላር በቼክ ልኮለታል። ሁለቱም መሣሪያ ለመያዝ በሕግ ያልተከለከሉ ሰዎች ናቸው። ሽጉጡን ያስረከበውም ፔንሲልቬኒያ ባለ ነጋዴ በኩል፣ አጎቱ ተጣርቶ ካለፈ በኋላ ነው። ጥፋቱ ሲገዛ በሞላው ቅጽ ላይ «ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ» ማለቱ ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2014 አምስት ለአራት ተፈረደበት። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ከልብ ስጦታ መስጠት ሌላ ነው፤ በሌላ ሰው ገንዘብ በራስ ስም መግዛት ሌላ። ወንድሜ ታሪኩን ሲሰማ «እሺ፣ ተይው» አለና ስልኩን ዘጋ።

አባቴን ያሳቃቸው ግን ሌላ ነው። ሕጉ ውርስን ከክልከላው ውጪ አድርጎታል። አንድ ሰው ሞቶ ሽጉጡ በኑዛዜ ወይም ያለ ኑዛዜ በሕግ ለወራሽ ሲደርሰው፣ ሌላ ግዛት ቢኖርም በፌዴራል ሕግ ይፈቀድለታል። «ታዲያ ብሞት ይቀለን ነበር በይኛ!» አሉ። እናቴ አማተበች።

ከሁሉም ያስጨነቀኝን ለብቻው ልናገር። ከወንድሜ በፊት ሽጉጡን የጠየቀ አንድ ዘመድ ነበረን፤ እንደ እኛው የቨርጂኒያ ነዋሪ። በድልድዩ ሕግ በኩል እንቅፋት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ሚስቱን በመምታት ተፈርዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ደግሞ የቤት ውስጥ ጥቃት ፍርዱ ቀላል ወንጀል ቢሆንም እንኳ መሣሪያ ከመያዝ ያስከለክላል፤ እያወቀ የሰጠውም ይጠየቃል። ለማያውቀው ሰው መሣሪያ የሸጠ ሰው «አላወቅሁም» ሊል ይችል ይሆናል። አባቴ ምን ሊሉ ነው? ባልና ሚስቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ዘመድ የዘመዱን ገመና ያውቃል፤ የቤተሰብ ስጦታ ከባዕድ ሽያጭ ይቀላል የሚሉ ሰዎች ይህን የሚረሱት ይመስለኛል። አባቴ «የለኝም፣ ሸጬዋለሁ» ብለው ዋሹት። ስለዚያ ውሸት አልወቀስኳቸውም።

የኋላ ኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ከሜሪላንድ ፖሊስ የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ አወጣ፤ ያለዚያ ፈቃድ በስጦታም ቢሆን መረከብ አይችልም። ሥልጠና ወሰደ፣ አሻራ ሰጠ። እኔ ደግሞ እዚህ ፈቃድ ላለው ነጋዴ አስቀድሜ ደወልኩ። የምመጣበትን ቀን ማሳወቅ ነበረብኝ፤ ሽጉጥ በእጅ አንጠልጥሎ በር ማንኳኳት ጥሩ ሐሳብ አይደለም። አባቴ ሪቮልቨሩን ከፈቱ፣ ስድስቱንም ቀዳዳ በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ፣ ከዚያ እኔም እንድነካ አደረጉኝ። ባዶ ነበር። በሚቆለፍ ሣጥን አድርገን የመኪናው ኋላ ጫንነው። ነጋዴው ሜሪላንድ ላለ ነጋዴ ላከው፤ ሁለቱም የአገልግሎት ክፍያቸውን ወሰዱ።

እዚያ ወንድሜ ቅጽ 4473ን፣ ከነጋዴ መሣሪያ የሚረከብ ሰው የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ፣ ሞላ። ማሪዋና ትጠቀማለህ ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ግዛትህ ቢፈቅደውም በፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ፈቅዳለች፤ እየተጠቀመ ይህን ሳያስተውል «አይ» የሚል ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ሰባት ቀን መጠበቅ ግድ ነው። አባቴ በየቀኑ «አልሰጡትም?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ማታ ወንድሜ ደወለ። «ተረከብኩ አባባ» አላቸው። አባቴ የድሮውን የሱቅ ደብተር አወጡ፤ የወተትና የዳቦ ሒሳብ መካከል የሽጉጡ መለያ ቁጥር ተጽፏል። «ቁጥሩን አንብብልኝ» አሉት። እሱ አንድ በአንድ ያነባል፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በእርሳስ ጫፍ ይከተላሉ። አራተኛው ላይ አልገጠመም።

«ሰባት ነው እንጂ አንድ አይደለም!»

«ቆይ፣ መብራት ላብራ… እውነትም ሰባት ነው።»

እስከ መጨረሻው አስነበቡት። ከዚያ መስመሩን በእርሳስ ሰረዙና ከጎኑ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ስም፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት።