500 ኦም ሲያስፈልግ እጄ ላይ ያለው 1000 ብቻ

ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ላበራ ተነሳሁ፣ ኤልኢዲዋ 2 ቮልት ገደማ ትወስዳለች፣ 10 ይተርፋል፣ 20 ሚሊአምፔር እንዲያልፍ 500 ኦም ሬዚስተር (ጅረቱን የሚገታ ዕቃ) ያስፈልጋል፣ እኔ ጋ ያሉት ሬዚስተሮች ግን ሁሉም 1000 ናቸው፣ ሱቅ ደሞ ተዘግቷል።

ሁለት ሬዚስተሮችን በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትዬ) ባያይዛቸው ተደምረው 2000 ይሆናሉ፣ ኤልኢዲዋ 5 ሚሊአምፔር ብቻ ታገኛለች። ፓራለል (ጎን ለጎን፣ ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝቼ) ሳደርጋቸው ግን 500! ተማሪ እያለሁ ይሄ ነገር ጭራሽ አይገባኝም ነበር፣ ሬዚስተር ተጨምሮ እንዴት ይቀንሳል? የገባኝ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲወጣ ሳይ ነው፣ አንድ በር ብቻ ሲከፈት ግፊያ፣ ሁለተኛው ሲከፈት እፎይ፣ የመጀመሪያው በር እኮ አልሰፋም።

ደስ ያለኝ ደሞ ሙቀቱ ነው፣ በጠቅላላ 0.2 ዋት ለሁለት ሲካፈሉት 0.1 0.1፣ ለሩብ ዋት ሬዚስተር ምንም አይደል።

ፓራለል የሆኑት ሁለቱ ሬዚስተሮች እኩል ካልሆኑ አባዝተህ ለድምራቸው ታካፍላለህ፣ 1000 እና 220 ወደ 180 ይመጣል። ሁሌም ከትንሹ ያንሳል፣ ከበለጠብህ ስሌቱን ድገመው፣ እኔ ስንቴ ደግሜያለሁ መሰለህ።